ለዓሦች ጨረቃ ስንመርጥ

የዓሣው ገንዳ ላሊበላ የገባው በሁለት ፍራሽ መሃል ተሸጉጦ፣ ከላዩ የአጎቴ ጋቢ ተጠምጥሞበት ነው። አጎቴ በጅቡቲ መንገድ ከባድ መኪና ይነዳል። ታላቅ እህቱን፣ አክስቴን፣ ስለሚወዳት ከጉዞ ሲመለስ አንድ ነገር ሳይዝላት አይመጣም። ብርድ ልብስ ያመጣል፤ ሽቶ ያመጣል፤ አንድ ጊዜ ደግሞ በባትሪ የሚሠራ፣ ሰው ባጠገቡ ባለፈ ቁጥር የሚያዜም የፕላስቲክ ወፍ ከነጎጆው አምጥቶላት ነበር። ወፉ አክስቴን ዳዊት አላስደግም ስላላት ወደ ማድ ቤት ተሰደደና እዚያ ጢስ በዝቶበት ድምፁ ተዘጋ።

አክስቴ ላሊበላ ውስጥ አነስ ያለች ሆቴል አለቻት። እኔ እንግዳ መቀበያው ላይ ነኝ። እንግዳ ሲጠፋ ደግሞ፣ ያን ሰሞን እንደጠፋው ማለት ነው፣ አልጋ አነጥፋለሁ፣ አበባ አጠጣለሁ፣ ከአክስቴ ጋር እጨቃጨቃለሁ። ጭቅጭቃችን ስለ ሳሎኑ ነበር። የሚመጡት ጥቂት እንግዶች ቀኑን ሙሉ አብያተ ክርስቲያናቱን ሲዞሩ ይውሉና ማታ እራታቸውን በልተው ቀጥ ብለው ወደየክፍላቸው ይገባሉ። ይህ አክስቴን ያንገበግባታል። ሰው ቁጭ ብሎ የሚያየው ነገር ቢኖር ሻይ ያዛል፣ ይጫወታል፣ ሲመለስም ሌላ ሆቴል አያምረውም የሚል እምነት ነበራት። ይህንኑ ለአጎቴ በስልክ ስታማርር ቆይታ ነበር። ጅቡቲ ውስጥ በመርከብ ሥራ የሚተዳደር አንድ የውጭ አገር ሰው አገሩ ሊመለስ ተነሥቶ የቤቱን ዓሦች የሚረከበው ሰው ሲያፈላልግ ታዲያ አጎቴ እጁን አወጣ።

«ባሕር አመጣሁልሽ፤» አላት ከመኪናው እየወረደ።

አክስቴ ጋቢ የለበሰውን ነገር ከላይ እስከ ታች አየችና፣ «ጫማህን አውልቀህ ግባ፤ ሳሎኑ ተወልውሏል፤» አለችው።

ገንዳው ከመስኮቱ አጠገብ ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። የባሕር ውሃ ከጀሪካን እየተገለበጠ ተሞላ። መብራት እኛ ዘንድ የሚመጣው ደስ ሲለው ስለሆነ፣ ውሃውን የሚያሞቀውና አየር የሚነፋው ዕቃ ከሆቴሉ የፀሐይ ኃይል ባትሪ ጋር ተያያዘ። ሁለት ብርቱካንማ ዓሦች፣ ነጭ መቀነት የታጠቁ፣ ከፕላስቲክ ከረጢታቸው ወጥተው ገቡ። ከዚያ አጎቴ ድንጋዮቹን እንደ እንቁላል እየተጠነቀቀ ያወጣ ጀመር። ድንጋይ መሰለን እንጂ ኮራል የሚባል ነፍስ ያለው ፍጡር ነው አለን። ባሕር ውስጥ ድንጋይ ላይ ተጣብቆ የሚኖር፣ ጥቃቅን አፎች ያሉት፣ ብርሃን የሚመገብ ነገር ነው።

ዘበኛችን በዕድሜ የገፉ፣ በወጣትነታቸው ድንጋይ ጠራቢ የነበሩ ሰው ናቸው። ጎንበስ ብለው ኮራሉን አዩና፣ «ይኸ አገር ድንጋይ ሲጠርብ ኖረ፤ ድንጋይ ሲቀልብ ግን ዛሬ ገና አየሁ፤» አሉ።

አጎቴ ሁሉን ነገር በደህና አድርሶ አንዱን ብቻ አላደረሰም፤ መብራቱን። የገንዳው መብራት ከሁሉ ይበልጥ ተሰባሪ ስለሆነ ከጎኑ ያለው ወንበር ላይ በፎጣ ጠቅልሎ አስቀምጦት ነበር። ወልድያ ላይ አንዲት ደንዳና ነጋዴ ሴት ጋሸና አድርሰኝ ብላ ለመነችውና አሳፈራት። እሱ ዕቃ ሲያስተካክል እሷ ወጥታ ተቀመጠች። የዲልብን ዳገት ሁሉ እላዩ ላይ ሆና ወጣችው። ጋሸና ስትወርድ ወንበሩ ትንሽ እንደሚቆረቁር፣ ነገር ግን በነፃ የተጫነ ሰው ማማረር ደግ ስላልሆነ ዝም እንዳለች ነግራው፣ መርቃው ሄደች።

አጎቴ በማግስቱ ከመሄዱ በፊት ስለ መብራቱ አደራ ሰጠኝ። ለኔ የሰጠኝ ኮሌጅ የገባሁት እኔ ስለሆንኩ ነው፤ የተማርኩት ስለ አልጋ አነጣጠፍና ስለ እንግዳ አቀባበል መሆኑ አላሳሰበውም። መብራቱ ሰማያዊ መሆን አለበት አለኝ። ቀን ላይ ነጭ ቢቀላቀልበት ይቻላል፤ ሲመሽ ሰማያዊ ብቻ፤ ሌሊት ደግሞ እንደ ጨረቃ ብርሃን ደብዘዝ ያለች አንዲት ነገር። የዓሦቹ የቀድሞ ባለቤት እንዲህ ያደርግ ነበር። ነጭ ብቻ ከሆነ ውሃው ሽበት ያወጣል፤ ሰማያዊ ከሌለ ኮራሉ ይራባል።

እኔም ስልኬ ላይ ሳነብ አመሸሁ። የገባኝ ይህ ነው፦ ባሕር የፀሐይን ብርሃን ሲጠጣ ቀዩን አስቀድሞ ይጨርሰዋል፤ ቢጫውን ቀጥሎ ይውጠዋል፤ ሰማያዊው ግን ወደ ታች ጠልቆ ይሄዳል። ኮራል ከታች ሆኖ የሚደርሰው እሱ ስለሆነ እሱን ለመደ። ይህን ለአክስቴ በማለዳ አስረዳኋት።

«ሰማያዊ ካልሆነ አልበላም ይላሉ?» አለችኝ።

«እንደዚያ ነው፣ እትዬ።»

«እንግዳ ናቸዋ፤» አለችና ነገሩን ተቀበለችው። እንቁላል ካልተቀቀለ፣ ዳቦ ካልተጠበሰ የሚል ሰው ስታስተናግድ ስለኖረች አልገረማትም።

መጀመሪያ የተራ አምፖል ብርሃን አደረግንላቸው። አጎቴ እንዳለው መስተዋቱ በጥቂት ቀን ውስጥ አረንጓዴ ሽበት አበቀለ። ኮራሉም ተሰብስቦ ጥርሱ እንደታመመ ሰው ጉንጩን ያዘ። ስለዚህ ሰማያዊ ፍለጋ ወጣሁ። ገበያው ዳር የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሸጠው ሰው ችግሬን በትዕግሥት ሰማኝ። ለገና ከተሰቀሉት የተረፉ ብልጭ ድርግም የሚሉ መብራቶች አሳየኝ፤ በሰማያዊው መሃል ቀይና አረንጓዴም አለበት። ዓሦቹ በዓል አይወዱም ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ከዚያ ነጭ አምፖል በሰማያዊ ላስቲክ ጠቅልሎ ሰጠኝ። አምፖሉ ሲግል ላስቲኩ ቀለጠና ሳሎኑ ለሁለት ቀን ጎማ ጎማ ሸተተ። ያን ጊዜ ከአዲስ አበባ የመጡ ባልና ሚስት አርፈው ነበር፤ የሸተታቸው ነገር የአካባቢው ባህላዊ ዕጣን እንደሆነ ጠየቁኝ። እኔም አልካድኩም።

በመጨረሻ መፍትሔ ያገኘሁት ከባጃጅ ነው። ወደ ገበያ የሚያመላልሰኝ ባለ ባጃጅ መኪናውን ከሥር በሰማያዊ መብራት አሸብርቆታል፤ ሲመሽ ባጃጁ ሰማያዊ ኩሬ ላይ የሚንሳፈፍ ይመስላል። የኔን ጭንቀት ሲሰማ አዝኖ፣ እንደ ሪባን የረዘመውን መብራት ልጦ አበደረኝ። አጎቴ ሌላ እስኪልክ ብቻ ነው አለኝ፤ ያለሱ ባጃጄ ራቁቱን ነው አለኝ።

ሪባኑን በገንዳው ክዳን ዙሪያ ለጠፍኩትና አበራሁት። ሰማያዊ ሆነ። ዓሦቹ ወጡ፤ ኮራሉም ጉንጩን ለቀቀ። አክስቴን ጠራኋት።

«አማረ!» አለች፤ መብራቱም ቦግ አለ።

ዝም አለች፤ መብራቱም ዝም አለ። «ምን ሆነ?» አለች፤ ቦግ፣ ቦግ አለ። ለካ የባጃጅ መብራት ሙዚቃ እየሰማ የሚጨፍር ኖሯል። ባጃጁ ውስጥ ሙዚቃ ስለማይቋረጥ አስተውዬው አላውቅም። ሆቴላችን ውስጥ ደግሞ ከሁሉ የሚበልጠው ድምፅ የአክስቴ ነው። ማድ ቤት ሆና «ሽንኩርት የት ገባ» ስትል ሳሎኑ ሰማያዊ መብረቅ ይመታዋል። ወጥ ቤቷን ስትቆጣ የመስኮቱ መጋረጃ ይርገበገባል። መብራቱ እንዳይጨፍር የሚያደርገውን ቁልፍ ፈልጌ አጣሁ፤ ባለ ባጃጁም እንደዚያ ዓይነት ቁልፍ ለምን ያስፈልጋል ብሎ ፈልጎ አያውቅም። አክስቴ ለዓሦቹ ስትል በሹክሹክታ ማውራት ጀመረች። ወጥ ቤቷ ሹክሹክታውን ከጩኸቱ ይልቅ ፈራችው፤ ምን ብታስቀይማት ነው በማለት ሁለት ጊዜ ይቅርታ ጠየቀቻት።

ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበር። ከመንገዱ ለሚያልፍ ሰው የሚታየው፣ ሲመሽ ሲመሽ በሆቴላችን መስኮት ሰማያዊ መብራት ሲጨፍር ነው። ሴትዮዋ እንግዳ ቢያጡ ጭፈራ ቤት ከፈቱ ተባለ። ወሬው ከእኛ በፊት ለጎረቤታችን ለመሪጌታ ደረሰ። መሪጌታ አክስቴን ከልጅነቷ ጀምሮ የሚያውቋት፣ ቅኔም የባሕረ ሐሳብ ቁጥርም የሚያስተምሩ ትልቅ ሰው ናቸው፤ እኛ የኔታ እንላቸዋለን። አንድ ቀን ወደ ማታ መቋሚያቸውን ይዘው፣ ፊታቸውን አጨፍግገው መጡ። አክስቴ ተነሥታ ተቀበለቻቸው። የኔታ ወንበር ቢሰጣቸውም አልተቀመጡም። ቤቱ የክርስቲያን ቤት እንደነበር፣ ኑሮ ቢከብድም ጾም እንደሚከበር፣ ለወጣት ሴት ልጅም፣ እኔን ማለታቸው ነው፣ እንዲህ ያለ ቦታ እንደማይስማማት ከሩቅ ጀምረው መምከር ጀመሩ። ድምፃቸው የቅዳሴ ድምፅ ነው። በየቃሉ መብራቱ ይዘላል። እሳቸው ጀርባቸውን ለገንዳው ሰጥተው ስለነበር፣ ግድግዳው ላይ የገዛ ጥላቸው ሲወዛወዝ ነው ያዩት። ዘወር አሉ።

ሁለቱ ዓሦች መስተዋቱ ድረስ መጥተው አፋቸውን እየከፈቱ ያዩዋቸዋል።

የኔታ ወደ ገንዳው ጠጋ አሉ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ጨፋሪዎቹ እነዚህ ናቸው?» ብለው ጠየቁ።

«እነሱ ናቸው፣ የኔታ፤» አለች አክስቴ።

ተቀመጡ። ሻይ መጣላቸው። ጎንበስ እያሉ ኮራሉን፣ አሸዋውን፣ ዓሦቹን አንድ በአንድ አዩ። ምን እንደሚበሉ፣ የት እንደሚተኙ ጠየቁ። እኔም ስለ ሰማያዊው ብርሃን፣ ሌሊት ደግሞ ስለምታስፈልገው ትንሽ ጨረቃ አጫወትኳቸው። ለጨረቃዋ ያሰብኩት፣ በፀሐይ የምትሞላ ትንሽ የእጅ ባትሪ ሰማያዊ ቀብቼ ሌሊቱን ሙሉ ማብራት ነበር።

«ዛሬ ጨረቃዋ ስንት ሌሊቷ ነው?» አሉኝ።

ጨረቃችን እንደዚያ ዓይነት ነገር እንደሌላት፣ ሁልጊዜ እኩል እንደምታበራ ነገርኳቸው።

«የማትጎድል ጨረቃማ ጨረቃ አይደለችም፤ የመንገድ መብራት ናት፤» አሉ የኔታ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የጨረቃው ኃላፊ እሳቸው ሆኑ። ለአጽዋማትና ለበዓላት ከሚያወጡት ሒሳብ ጎን ለጎን ለኛ ሳሎንም ያሰሉ ነበር። ማታ ማታ ሻያቸውን እየጠጡ ጨረቃ ስንት ሌሊት እንደሆናት፣ መቼ እንደምትወጣና ምን ያህል እንደምታበራ ይነግሩኛል። እኔ በባትሪዋ ላይ ስስ ጨርቅ እደራርባለሁ። ጨረቃ ስትሞላ ጨርቁን እገፋለሁ፤ ስትጎድል እጨምራለሁ። አክስቴ መጀመሪያ ላይ ተቃወመች። እንግዳ በመጣ ማታ ጨረቃዋ ብትሞላ ምን አለበት አለች። የኔታ ጨረቃ ለአልጋ ኪራይ ስትባል እንደማትሞላ አስረዷት።

ዘበኛችንም የራሳቸው ጥያቄ ነበራቸው። አንድ ማታ ሰማዩ በደመና ተሸፍኖ አይተው፣ «የኔታ፣ ዛሬ እንግዲህ ልንጋርዳት ነው?» አሉ።

የኔታ በጥሞና አሰቡበት። ጨረቃ የሁሉ ናት፤ ደመና ግን የየአገሩ ነው፤ የጅቡቲ ዓሣ የላስታን ደመና አያውቀውም ሲሉ ወሰኑ። ዘበኛችን ይህ አልተዋጠላቸውም። የላስታ ደመና ከማን ያንሳል ብለው ለጥቂት ቀን የኔታን ከሰላምታ በቀር አላነጋገሩም።

ችግሩ ግን ሌላ ነበር። ጨረቃ ከሞላች በኋላ በየቀኑ አምሽታ ነው የምትወጣው፤ አንዳንዴም ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ። እኔ ደግሞ እንቅልፌን እወዳለሁ። ሌሊት የሚሠሩት ዘበኛው ስለሆኑ፣ የኔታ በሚነግሯቸው ሰዓት ሳሎን ገብተው ባትሪዋን እንዲያበሩ አክስቴ አዘዘቻቸው። ሥራውን ወደዱት። ጋቢያቸውን አስተካክለው ነው የሚገቡት። ለዓሦቹም፣ «በሉ ወጥታለች፤» እንደሚሏቸው ነግረውኛል።

አንድ ጠዋት የዘበኛው ባለቤት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ለቅሶ ቤት እንደሚገባ ሰው ቀስ ብለው ወደ ሆቴሉ መጡ። አክስቴ ደንግጣ አስቀመጠቻቸው። ሴትዮዋ ወዲያ ወዲህ ካዩ በኋላ ባላቸው ባለመኖራቸው ልባቸው አርፎ ጀመሩ።

«እሜቴ፣ ሰውዬዬን ትንሽ እንዲያርፍ ቢፈቅዱለት ብዬ ነው። ዕድሜውም ገፍቷል።»

«ምነው አመማቸው?» አለች አክስቴ።

«አካሉስ ደህና ነው። ይበላል፣ ይጠጣል። ብቻ ጨረቃን የማወጣት እኔ ነኝ ይላል።»

አክስቴ እኔን አየችኝ። እኔ ወለሉን አየሁ።

«ለኔ ብቻ ቢል እችለው ነበር፤» ቀጠሉ ሴትዮዋ። «ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ለሰው ሁሉ ተናገረ። ትናንት ሰው ቡና ሲጠራው፣ ዛሬ ጨረቃዋ በጊዜ ስለምትወጣ አይመቸኝም፣ ገብቼ ማውጣት አለብኝ ብሎ ጥሎ ሄደ። ጠበል ላስጠምቀው ነው፤ ነአኩቶ ለአብ ልወስደው አስቤአለሁ።»

አክስቴ ሰው ፊት መዋሸት አትችልም። እጇን እሴትዮዋ ጉልበት ላይ አኖረችና፣ «እህቴ፣ አይጨነቁ። እውነታቸውን ነው፤ እሳቸው ናቸው የሚያወጧት፤» አለቻቸው።

ሴትዮዋ ጉልበታቸውን ቀስ ብለው ከእጇ ሥር አወጡ። በዓይናቸው በሩን ለኩት። እንዲያውም ሰዓቱን የሚነግሯቸው የኔታ እንደሆኑ አክስቴ ስትጨምር፣ ሦስት ሰው ጠበል መውሰድ እንዳለባቸው እያሰቡ እንደነበር በኋላ አጫውተውናል። ብድግ ሳይሉ እኔ ገንዳው ጋ ወስጄ፣ መጋረጃውን ጋርጄ፣ ባትሪዋን አብርቼ አሳየኋቸው። ሴትዮዋ ዓሦቹንም፣ ጨርቅ የለበሰችውንም ጨረቃ አዩ። መሬት ላይ ቁጭ ብለው እስኪያልባቸው ሳቁ። ሳቃቸውን ሲጨርሱ ግን ተቆጡ። ጨረቃ እንደሚያወጡ የነገሯቸው ሰውዬ፣ የባትሪ ናት የሚለውን ለምን እንደተዉት ሊጠይቋቸው ወደ ቤታቸው እየተቻኮሉ ሄዱ።

ከፋሲካ በኋላ አጎቴ ለገንዳ ተብሎ የተሠራ እውነተኛ መብራት ይዞ መጣ። በዚህ ጊዜ ከጎኑ ማንንም አላስቀመጠም። ባለ ባጃጁ ሪባኑ ተመለሰለት፤ ለባጃጁ ሲለጠፍ ቆሞ አየና ባጃጁን እንደ ሙሽራ አጅቦት ሄደ። አዲሱ መብራት ሪሞት አለው። በሪሞቱ ላይ ፀሐይ፣ ግማሽ ፀሐይ፣ ጨረቃ፣ ደመና ተሥለውበታል። ዘበኛው ደመና መኖሩን ሲያዩ ለየኔታ አሳዩአቸው፤ ማሳየት ብቻ ነው የፈለጉት። ጨረቃዋ አሁን በራሷ የምትወጣ መሆኗን ሲሰሙ ግን ትንሽ ከፋቸው። አክስቴ ገብቷት፣ መሣሪያ አያስተማምንምና መውጣቷን አይተው እንዲያረጋግጡ አዘዘቻቸው። ይህም ሥራ ነው።

ከሥዕሎቹ ሁሉ ያልገባን አንዱ ነበር፤ የተሰበረ መስመር የሚመስል። የኔታ የአባይን መንገድ ይመስላል አሉ። እኔ ማጥፊያው ነው አልኩ። አንድ ማታ ሳሎኑ ውስጥ አክስቴ፣ የኔታና እኔ ተቀምጠን ሳለ የኔታ ሪሞቱን አነሡና በአውራ ጣታቸው ተጫኑት። ገንዳው ጨለመ። ቀጥሎ በነጭና በሰማያዊ ብርሃን ተሰነጠቀ፤ እንደገና ጨለመ፤ እንደገና ተሰነጠቀ። ለካ መብረቅ ነው። ባሕር ላይ የሚጥለውን ዝናብ የሚያስመስል ቁልፍ ነው። የኔታ አማተቡና ሪሞቱን ለእኔ ወረወሩት፤ እኔ ለአክስቴ አቀበልኳት፤ አክስቴ ትራስ ሥር ከተተችው። ትራስ ሥር ሆኖ እንዴት እንደሚጠፋ የሚያውቅ አልነበረም።

ውጭ የነበሩት ዘበኛ በመስኮቱ ብልጭታ አዩ። እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ መጀመሪያ ያሰቡት ስለ አክስቴ በርበሬ ነው። ግቢው ውስጥ ተሰጥቶ የዋለ በርበሬ ነበር። «ዝናብ መጣ!» ብለው ተጣሩ። ወጥ ቤቷ ሮጠች። ጎረቤትም ሰምቶ የየራሱን ስጥ ያነሣ ጀመር። ሰማዩ ላይ ኮከብ ተዘርቷል። እኔ ሪሞቱን ከትራስ ሥር አውጥቼ መብረቁን እስካጠፋ ድረስ የመንደሩ በርበሬ ሁሉ ቤት ገብቶ አለቀ። በማግስቱ አክስቴ ለየጎረቤቱ ዳቦ ላከች፤ የኔታም ጉዳዩን ጠጋ ብሎ ለጠየቃቸው ሁሉ የሰማይ ነገር አይታወቅም እያሉ አለፉት።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የቀረው ነገር ሰማያዊው ምን ያህል ይሁን የሚለው ነበር። አዲሱ መብራት ሰማያዊውን ከትንሽ እስከ ብዙ ያስመርጣል። ትንሽ ሲሆን ኮራሉ ድንጋይ ይመስላል። እየጨመርኩ ስሄድ ግን ጉድ ታየ። ቡናማ የነበረው ኮራል አረንጓዴ ፍም ሆነ፤ ዳር ዳሩ ብርቱካን መሰለ። ራሱ የሚያበራ እንጂ የሚበራለት አልመስል አለ። አክስቴ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ጨምሪ አለችኝ፤ ጨመርኩ። እስከ ጫፉ ወሰድኩት። እንደዚያው ተዪው ተባልኩና ለጥቂት ቀናት ሳሎኑ ሐምራዊ ሊሆን ምንም ያልቀረው ሰማያዊ ሆኖ ሰነበተ። የአክስቴ ፊት የበሰበሰ ፕሪም ይመስላል፤ ሻዩም ቀለም ይመስላል፤ እንግዳ ግን ወደ ክፍሉ መግባት ትቶ ቁጭ ብሎ ማየት ጀመረ።

በዚያው ሰሞን ከሙጃ ለመሳለም የመጡ አንዲት አሮጊት ከልጃቸው ጋር ሆቴላችን አረፉ። ማታ ላይ ሳሎን ሲገቡ የኔታ እንደወትሯቸው ገንዳው አጠገብ ተቀምጠዋል። በዚያ ሰማያዊ ውስጥ ሁላችንም ጠቁረን፣ የሳቸው ጥምጥም ብቻ እንደ ንጋት ኮከብ ነጭ ሆኖ ያበራል። ጋቢያቸውም ዳር እስከ ዳር በርቷል። አሮጊቷ በሩ ላይ ቆሙ። ከዚያ ተንበርክከው ግንባራቸውን መሬት አስነኩ።

የኔታ ዘወር ብለው ከኋላቸው ማን እንዳለ አዩ። ማንም አልነበረም።

«አባቴ፣ ብርሃን ለብሰው አየሁዎት። ይባርኩኝ፤» አሉ አሮጊቷ።

የኔታ እጃቸውን አዩ፤ ጋቢያቸውን አዩ። እኔ ቀደም ብዬ አንብቤው ስለነበር ጠጋ ብዬ በጆሯቸው ነገርኳቸው፤ በልብስ ሳሙና ውስጥ ነጭ የሚያስመስል ነገር አለ፣ እንዲህ ያለ ሰማያዊ ሲያገኘው ያበራል። የኔታ ፊታቸው ሲጨማደድ አየሁ። ዝም ቢሉ ማንም አያውቅባቸውም። ተነሥተው አሮጊቷን በክንዳቸው አቀኑና፣ «እናቴ፣ ይሄ የጽድቅ አይደለም፤ የሳሙና ነው፤» አሏቸው።

አሮጊቷ አላመኑም። እንዲህ ያለ ትሕትና የሚመጣው ከእውነተኛ ጻድቅ ብቻ ነው አሉ። የኔታ ሳሙናውን አስመጡና አሳዩአቸው። እሱንም ቢሆን ባርከው እንዲሰጧቸው ለመኗቸው። በመጨረሻ የኔታ ባረኳቸው፤ ሳሙናውንም አክስቴ ሸለመቻቸው።

አሮጊቷ ሲተኙ የኔታ ወደ እኔ ዞሩ። እንደዚህ ከሆነ እዚህ ቤት ሻይ መጠጣት እንደማይችሉ፣ ሰው በሐሰት ሲሰግድላቸው ኃጢአቱ የማን እንደሚሆን እንደማያውቁ ነገሩኝ። ሪሞቱን አንሥቼ ሰማያዊውን ቀስ በቀስ መቀነስ ያዝኩ። የኔታ ገንዳው አጠገብ ቆመው ጥምጥማቸውን በአንዲት ትንሽ የእጅ መስተዋት ያያሉ፤ አክስቴ ኮራሉን ታያለች። እሳቸው ገና ነው፣ አሁንም ያበራል ይላሉ፤ እሷ በቃ፣ ኮራሉ ሊጠፋ ነው ትላለች። እየቀነስኩ፣ እየመለስኩ፣ ኮራሉ የሚያበራበት፣ የየኔታ ጥምጥም ግን ጨርቅ የሚሆንበት አንዲት ቦታ አገኘን። እዚያ ላይ ቆምን። ስለ ኮራል መብራት የሚጽፉ ሰዎች ብዙ የመለኪያ ዓይነት ይጠቅሳሉ፤ እኛ ግን በዚህ ነው የለካነው፣ ኮራሉም እስከ ዛሬ ቅሬታ አላቀረበም። እንዲያውም ከድንጋዩ ጎን አዲስ ትንሽ አፍ አብቅሏል።

ክረምቱ ሲያልፍ አጎቴ አክስቴን ጅቡቲ ወስዶ እውነተኛውን ባሕር ሊያሳያት ተነሣ። ፓስፖርት አወጣች፣ አዲስ ጫማ ገዛች፣ ዓሦቹንም ለእኔ አደራ ሰጠች። ከቤቷ ከወጣች በኋላ የጎደለ ነገር እንዳለ ለመጠየቅ በየመንገዱ ደወለች። ባሕሩ ዳር የደረሰች ዕለት ግን እስከ ማታ ድረስ አልደወለችም። እኛም ሳሎን ተሰብስበን ጠበቅን። የኔታ ሻያቸውን ይዘዋል፤ ዘበኛው በሩ ላይ ቆመዋል። ስልኩ ሲጠራ ድምፁን ለሁሉም እንዲሰማ አድርጌ ከፈትኩት።

የኔታ እንዴት አገኘሽው ብለው ጠየቋት።

ከበስተኋላዋ የውሃው ድምፅ ይሰማል። ትንሽ አሰበችና፣ «ትልቅ ነው፣ የኔታ፤ በትልቅነቱ አይታማም፤» አለች። «ሰማያዊው ግን አንሷል።»

አጎቴ ከጎኗ ሆኖ ሲስቅ ሰማን። እሷ አልሳቀችም። እውነቷን ነበር። መሽቶ ስለነበር ባሕሩ ጥቁር ሆኖባት፣ ኮራሉም የት እንዳለ የሚያሳያት አጥታ፣ አሸዋው ላይ ቁጭ ብላ ነበር የምታወራን። የኔታ አጽናኗት። ጨረቃዋ የስንት ሌሊት እንደሆነች አስበው፣ ትንሽ ብትታገሥ እንደምትወጣላት ነገሯት። አክስቴም እሺ ብላ፣ ስልኩን ሳትዘጋ ጠበቀች።